ድንጋዩ ሲደክም የተማርኩት ዘፈን

አባቴ ሙዚቃ የሚወድ፣ ሙዚቀኛ ግን የማይወድ ሰው ነበር። ለኮንሰርት ከእሱ በላይ የሚሮጥ ሰው በድሬዳዋ አላየሁም፤ "አዝማሪ" የሚለውን ቃልም ከእሱ በላይ አምርሮ የሚናገር አልሰማሁም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሳይጣሉ እንዴት እንደሚያድሩ ለብዙ ዓመት አልገባኝም። ዛሬም ቢሆን የገባኝ በከፊል ነው።

ከሸዋ ገጠር በልጅነቱ በባቡር መጥቶ እዚያው ባቡሩ ቤት ቀረ። ጥገናው ክፍል ሲሠራ ከፈረንሳዮቹ አለቆች የወረሳት አንዲት ቃል ነበረችው፤ "ፊኒ" የምትል። አለቀ፣ ተቆረጠ ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ሲሄዱ ቃሏ እኛ ቤት ቀረች። የእራት ላይ ክርክር በፊኒ ይዘጋል፤ የጫማ ግዢ ጥያቄ በፊኒ ይመለሳል። እናቴ ደግሞ እሱ በሌለበት ዶሮዎቹን ከጓዳ ስታስወጣ "ፊኒ፣ ፊኒ" ትላቸው ነበር። እኔ አባቴን አንተ ነበር የምለው፤ ድሬ ተወልዶ አባቱን አንቱ የሚል ልጅ ብርቅ ነው። ዘመዶቻችን ከሸዋ ሲመጡ እኔ ለአባቴ "አንተ አባዬ፣ ና ብላ እንጂ" ስለው ሰምተው እጃቸው እንጀራው ላይ ይቀራል። እሱ ግን በዚህ ደስ ይለው ነበር መሰለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ኮንሰርት የሚታየው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሌላ ከተማ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ድሬ ላይ ግን በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ሲኒማ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉት ማራገቢያዎች ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሱታል እንጂ አያበርዱትም። ሴቶች ነጠላቸውን ውኃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጣሉ፤ ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ነጠላው ደርቆ ቁጭ ይላል። ከአዲስ አበባ በባቡር የሚመጡት ሙዚቀኞች ኮትና ከረባታቸውን ግጥም አድርገው መድረክ ሲወጡ እኛ በክርናችን እንጎሻሸማለን። ኮቱ የሚወልቀው በስንተኛው ዘፈን ነው የሚለው ውርርድ ከሙዚቃው እኩል ያስደስተን ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ማንም ሳይደለድለን ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ሱማሌኛ ሲዘፈን አንዱ ጥግ ይነሳል፤ ኦሮምኛ ሲመጣ መሐሉ ይነሳል፤ የሐረሪው ዜማ ሲጀመር ከመጋላ ሰፈር የመጡት እናቶች ጭብጨባውን ይይዙታል፤ አማርኛው ሲደርስ ደግሞ የከዚራ ሰፈር ሰው ትከሻውን ይፈታል። አባቴ ግን ለሁሉም ይነሳል። የሐረሪውን ግጥም አንድ ቃል አይሰማም፤ ትከሻው ግን ይሰማል። እናቴ የሸሚዙን ጫፍ ይዛ ልታስቀምጠው ትሞክርና ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ እጇ ላይ ሲቀር ትተወዋለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ሽልማቱ ነበር። ከቤት ሲወጣ እጥፋት የሌለው አዲስ ብር መርጦ የደረት ኪሱ ውስጥ ያስገባል። የወደደው ዘፈን ሲመጣ እየተውረገረገ መድረክ ይወጣና ሙዚቀኛው ግንባር ላይ ይለጥፈዋል። ደገኞች ብሩን በምራቃቸው ካላራሱት አይጣበቅላቸውም እያለ ይስቅባቸው ነበር፤ እሱ ራሱ ደገኛ መሆኑን ረስቶት። ድሬ ላይ እንኳን ለብር ለብርድ ልብስም የሚበቃ ላብ ከግንባር አይጠፋም። ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ሌላው ሁሉ ዘፋኙን ሲሸልም እሱ የሚሸልመው መሣሪያ ተጫዋቹን ነው። ዘፋኙን ማንም ይሰማዋል፣ አንቺ ከሥር ያለውን መሣሪያ ስሚ ይለኝ ነበር፤ ገና እግሬ ከወንበሩ ወለል ሳይደርስ ጀምሮ። እኔም ሰማሁት። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የያዘኝ ኡድ ነው። ሆዱ እንደ ትልቅ ቅል ድብልብል ያለ፣ አንገቱ ወደ ኋላ የተቀለበሰ፣ ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት የሚወጣ። አንድ እሁድ ከኮንሰርት ስንመለስ ኡድ መማር እፈልጋለሁ አልኩት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዘና እንደ ትልቅ ሰው አስረዳኝ።

"ሰጪ መሆን የጨዋ ነው" አለኝ። "ግንባርን ለብር ማቅረብ ግን የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም። ፊኒ።"

ፊኒ ካለ አለቀ። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ አላለቀም። በእሱ ላይ መናደዴ አልነበረም የሚያቃጥለኝ። መሣሪያውን እንድሰማ ያስተማረኝ ሰው አንድ ቀን እኔን ራሴን እንዲሰማኝ እፈልግ ነበር። ሌላ ሰው ሁሉ ቢያጨበጭብ እሱ ካልሰማኝ ምን ያደርግልኛል? ነገሩ ከዚያ ጀምሮ ይህ ብቻ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆንኩ። የዚያን ዓመት እናቴ የአባቴን የሥራ ሱሪ አስጠግኚ ብላ መጋላ ላከችኝ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሬ ልብስ ሰፊው ሱቅ ስገባ ከሲንጀር መኪናው ጀርባ፣ ከሜትሩና ከመቀሱ ጎን፣ ኡድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ሱሪውን አቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው የማየውን አየና ሱሪውን ልታስጠግኚ ነው ወይስ ኡዱን ልታስለኪ ነው የመጣሽው አለኝ።

አዴራ እለው ነበር፤ አጎት ማለት ነው በኦሮምኛ። አባቱ ሐረሪ፣ እናቱ ኦሮሞ፣ ሚስቱ ሱማሌ ነበሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቋንቋ ጀምሮ በሌላ ሲጨርስ ራሱም አያውቀውም። ሊያስተምረኝ እሺ ያለው በአንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ በሩ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ካልተቀመጠች ኡዱ ከግድግዳው አይወርድም። የሰው ልጅ ነሽ፣ የሰው አፍ ደግሞ ሥራ ፈት ነው አለኝ። እሷም እየተቀመጠች ሳምቡሳዋን ለአላፊ አግዳሚው ትሸጣለች፤ ስሳሳት ደግሞ ዞር ሳትል በምላሷ ጭ ታደርጋለች። ከባሏ ይልቅ እሷን ነበር የምፈራው።

ኡድ መማር የሚያምር ነገር አይምሰላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዬ ይዞ መቀመጥ ብቻ ነበር። ድብልብሉ ሆዱ በላብ ከራሰ ቀሚስ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጉልበቴ ይወርዳል፤ እኔ ወደ ላይ እጎትተዋለሁ፤ እሱ ይወርዳል። ሕፃን ልጅ ማዘል እንኳን እንዲህ አያስቸግርም። አዴራ ጭኔ ላይ የሚነጠፍ የከፋይ ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ። ክሩ በባቡር ከጅቡቲ የሚመጣ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነበር። መምቻው ደግሞ በወንዶች ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ልብስ ሰፊ ቤት የማይጠፋ ነገር። አንዱ ሲሰበር ከመሳቢያው ሌላ ያወጣልኛል። በእኔ ምክንያት ኮሌታቸው የተልፈሰፈሰ የመጋላ ወንዶች ብዙ ናቸው።

ከቤት የምወጣው ቀሚስ እያሰፋሁ ነው ብዬ ነው። ጨርቁን በእርግጥ ወስጄ ሰጥቼዋለሁ። ችግሩ ቀሚሱ አለቀ። እንግዲህ ምን ልበል ስለው አዴራ መቀሱን አንስቶ የታችኛውን ዘምዘማት ፈታው።

"ወላሂ ውሸት አልወድም" አለኝ። "ቤትሽ ሲጠይቁሽ ዘምዘማቱ አላለቀም በይ፤ እውነትሽን ነው።"

በሄድኩ ቁጥር ይሰፋዋል፣ ልወጣ ስል ይፈታዋል። እናቴ ከወራት በኋላ ይህ ቀሚስ ለሠርግሽ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ፤ አስተያየቷ ግን እንደማታምነኝ ይናገር ነበር። አንድ ቀን መጥረጊያውን ደረቴ ላይ አጋድሜ እጀታው ላይ ጣቶቼን ሳራውጥ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከዚያ ቤቱ ሳይጠረግ መጥረጊያው ሊያልቅ ነው አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ለአባቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

መጥረጊያው ላይ የምለማመደው በምሳ ሰዓት ነበር። ድሬ ላይ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። አባቴ ምሳውን በልቶ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግቶ ይጋደምና ከራስጌው ያለውን ቴፕ ይከፍታል። ስለ ቴፑ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከተቃጠለ ወዲህ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር። ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው፤ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሴቶች ከጅቡቲ ካላመጡት አይገኝም። አባቴ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ድንጋዮቹን ከቴፑ አውጥቶ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ያሰጣቸዋል፤ ቀትር ላይ ሲመለስ ለቅሞ ይመልሳቸዋል። በፀሐይ ያገግማሉ ይላል፤ እውነትም ትንሽ ያገግሙ ነበር። ካሴት በቴፑ ቁልፍ መመለስ ግን በቤታችን የተከለከለ ነው፤ ድንጋይ ይበላል። እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትተን በእጃችን እያሽከረከርን እንመልሳለን። ይህን ሕግ ያወጣው እሱ ነው፤ በፊኒ።

የሚወደው አንድ ዘፈን ነበር፤ የአንዲት ሴት የፍቅር ዘፈን፣ በኡድ የሚጀምር። ሲጀምር ድንጋዮቹ ገና ከቆርቆሮ የወረዱ ስለሆኑ ደህና ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ አባቴ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ድንጋዮቹም ከእሱ ጋር ይደክማሉ። ዘፋኟ ድምፅዋ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጎርናና ወንድ ትሆናለች። እኔ ካሴቱን ቀስ ብዬ በእስክሪብቶ መልሼ በደከመው ድንጋይ እንደገና ከፍቼ፣ መጥረጊያዬን አቅፌ፣ በእሱ ማንኮራፋት መሐል እሰማዋለሁ። ዘፈኑን የተማርኩት እንዲህ ነው። ለእኔ ዘፈኑ እንደዚያ ነበር፤ ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ የቀትር ሙቀት የተጫነው። አዴራም አላረመኝም። አማርኛ ካሴት አይሰማም፤ ዝግታውን ደግሞ ወዶታል። አንዳንዴ ልፍጠን ስል እሱ ነበር የሚይዘኝ።

"አቦ፣ ምን ያስቸኩልሻል?" ይለኛል። "ባቡር ያመልጥሻል እንዴ?"

የግራ እጄ ጣቶች ጫፋቸው ደነደነ። አንድ ቀን ለምሳ ሳስታጥበው አባቴ እጄን ይዞ ገለበጠው። ጣቶቼን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ፤ ይሄ ታይፕ እጅሽን ጨረሰው፣ አለቃሽን መጥቼ አነጋግራለሁ አለ። እንደ ምንም ለምኜ አስተውኩት። በማግስቱ ቫዝሊን ገዝቶልኝ መጣ፤ ማታ ማታ እንድቀባው። የኡድ ተጫዋች ጣት ደግሞ ካልደነደነ ዋጋ የለውም። እሱ እያየኝ እቀባና ዞር ሲል ቀሚሴ ላይ እጠርገዋለሁ። ያቺን ቫዝሊን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

በዚያ መሐል የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ኡድ ተጫዋቹን አጣ፤ ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። የቡድኑ መሪ አኮርዲዮን የሚጫወት፣ ሳቅ የማያውቅ ወጣት ነበር። መጋላ ሱሪ ሊያሳጥር ሄዶ እኔን ሰማ፤ በሚቀጥለው ቀን መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እሺ አልኩት። ለአባቴ ቀበሌው አዘዘኝ ብለው አፉን እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ ቀበሌ ያዘዘውን ማን ይከለክላል? ግን በፍርሃት ዝም እንዲልልኝ አልፈለግሁም። በፍርሃት ዝም ያለ ሰው አይሰማም። ስለዚህ አልነገርኩትም።

ልምምዱ ላይ ጉድ ፈላ። ሊያዘጋጁት የመረጡት ዘፈን የአባቴ ዘፈን ነበር፤ የፍቅሩ ግጥም ወጥቶ ስለ ምርት ዕድገት በሚናገር ግጥም ተተክቷል። ዜማውን እንደ ውኃ ነው የማውቀው አልኩና ኡዱን ይዤ ጀመርኩ። ከበሮ መቺው እጁን አንስቶ ጠበቀኝ፤ ጠበቀኝ፤ እጁ ደክሞት አወረደው። መሪው አኮርዲዮኑን ዘጋና ይህ ዘፈን ነው ወይስ የቀብር ሰልፍ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን ነው ዘፈኑ በእርግጥ ፈጣን መሆኑን ያወቅሁት። ድምፁም ከእነሱ ዝቅ ያለ ስለነበረ ክሮቹን ሁሉ ማጥበቅ ነበረብኝ። ስለ ድንጋዩ ስነግራቸው እንኳን ሌላው መሪው ራሱ ሳቀ፤ ጥርሱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ እያሾፉብኝ በፈጣኑ ለመድኩት። ለመድኩት ብዬ ነበር።

የቀበሌዎቹ የኪነት ውድድር እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያው ሲኒማ ቤት ነበር። አባቴ መምጣቱ ጥያቄ የለውም። ጠዋት አዲስ ብሩን ሲመርጥ አየሁት። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ቀድሜ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። እናቴ እስከ በር ሸኘችኝ። የነጠላዬን ጥለት አስተካክላ ግንባሬን ሳመችኝ። ለወትሮው ኮንሰርት ስሄድ እንዲህ ስማ አትሸኘኝም።

የቡድኑ ልብስ ነጭ ቀሚስና እስከ ቅንድብ የሚወርድ ሻሽ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቄ አየሁ። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ መነጽሩን ቤት ትቶታል፤ ሰው ፊት ማድረግ ያሳፍረው ነበር። እናቴ የሸሚዙን ጫፍ ከወዲሁ ይዛለች። በግራ በኩል አዴራና ሚስቱ ተቀምጠዋል። መጋረጃው ተከፈተ። ዘፈኑ በኡድ ብቻ ነው የሚጀምረው፤ ከበሮው እስኪገባ ድረስ መድረኩ ላይ የምጫወተው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

የሆነው ይህ ነው። አባቴን ሳየው ልምምዱ ሁሉ ከራሴ በረረ። ጣቶቼ ሰሌኑን፣ ቀትሩን፣ የእሱን ማንኮራፋት አስታወሱ። በቤታችን ፍጥነት ጀመርኩት። መሪው ከጎኔ ፍጠኚ እያለ በጥርሱ መሐል ያንሾካሹካል፤ እጄ ግን አልሰማውም። ከበሮ መቺው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ዝግ ብሎ ገባ፤ አኮርዲዮኑም ተከተለው፤ ዘፋኟም ተከተለች። የምርት ዕድገቱ ዘፈን እንደ ናፍቆት ሆኖ አዳራሹ ላይ ወረደ። ሰው ጸጥ አለ። እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ተነሳ።

አባቴ ነው። ትከሻውን በዝግታ እያንቀሳቀሰ፣ ብሩን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ወደ መድረኩ መጣ። እንደ ሕጉ ዘፋኟን አልፏት ወደ ኡዱ ቀረበ። እጁን ወደ ግንባሬ ዘርግቶ ነው ያወቀኝ። ሻሹ ሥር ያለችው እኔ ነኝ። ትከሻው ቆመ። እኔ አልቆምኩም፤ ብቆም ለዘላለም እንደምቆም ገባኝ፤ ዓይኑን እያየሁ መጫወቴን ቀጠልኩ። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ግማሹ አዳራሽ ያውቀናል፤ ሳቅ የጀመሩት ሳቃቸውን ዋጡት። ቢለጥፍልኝ በራሱ እጅ ልጁን አዝማሪ አደረጋት። ሳይለጥፍ ቢወርድ ሰው ፊት አዋረደኝ። ብሩ በእኔና በእሱ መሐል አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ብሩን ወደ ደረት ኪሱ መለሰው። ከሱሪው ኪስ ያን ትልቁን መሐረቡን አወጣ፤ ጥገናው ውስጥ ላቡን የሚጠርግበትን። ሻሼን በአንድ እጁ ከፍ አደረገና ግንባሬን ጠረገልኝ። ቶሎ ብሎ አይደለም። ከጆሮዬ እስከ ጆሮዬ፣ አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ ተመልሶ፣ የሞተር ዕቃ እንደሚወለውል። መሐረቡ የናፍጣና የሳሙና ሽታ ነበረው። ከዚያ ወርዶ ቦታው ተቀመጠ። ከኋላው ብር ይዘው የተሰለፉ ሰዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ሲለጥፍልኝ ብሩ ከደረቀው ግንባሬ ተንሸራቶ ኡዱ ላይ ወደቀ። አዳራሹ ሳቀ፤ የአዴራ ሚስት እልል አለች፤ ዘፈኑ አለቀ።

ውድድሩን አላሸነፍንም። መሪው ለሳምንታት አላናገረኝም። እኔ ግን ያን ቀን ስለ ውድድሩ የሚያስብ ልብ አልነበረኝም። ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ በከዚራ ዛፎች ሥር ፊት ፊት ይሄዳል፤ እኔና እናቴ ከኋላ። ጀርባውን እያየሁ አንድ ነገር እንዲል እጠብቃለሁ። ቢቆጣኝም ግድ የለኝም። እራት ላይ ነው አፉን የከፈተው።

"የልጄ ግንባር የብር መለጠፊያ አይደለም" አለ።

ፊኒ እስኪል ጠበቅሁ። እናቴም ጉርሻዋን ይዛ ጠበቀች። አላለም። እንጀራውን አጥቅሶ በላ፤ እጁን ታጠበ፤ ተኛ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። መሐረቡ ፍቅር እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን አጨዋወቴን ሰማኝ ወይስ አልሰማኝም? ብሩ እንዳይጣበቅብኝ ብቻ ነው የጠረገኝ? ያን ሁሉ ወራት የደከምኩበት ነገር ይህ ነበር፤ መልሱን ደግሞ አላገኘሁም።

በማግስቱ ቀትር ላይ አባቴ ከሥራ ሲገባ ወደ ቆርቆሮው አልሄደም። ድንጋዮቹ እዚያው ፀሐይ ላይ ቀሩ። ምሳ በላን። ሽርጡን አገለደመ፤ ሰሌኑን ዘረጋ። ከዚያ ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው። አዲስ ድንጋዮች ነበሩ፤ ወረቀታቸው ገና የሚያብለጨልጭ። አንድ በአንድ ቴፑ ውስጥ ከተታቸው፤ ክዳኑን ዘጋ፤ ካሴቱን ከፈተ።

ዘፈኑ ሲነሳ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ። ኡዱ ቀጭንና ፈጣን፣ ዘፋኟ ለጋ ልጅ። ለዓመታት በዚያ ቤት እንዲህ ሆኖ ተሰምቶ አያውቅም።

"ትናንት የተጫወትሽው የእኔን የደከመ ድንጋይ ነው" አለኝ። "ዘፈኑ እንዲህ ነው የሚሄደው። በደንብ ስሚው።"

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መጥረጊያውን ይዛለች፤ ልትሰጠኝ ይሁን ልትጠርግበት አላውቅም። ዘፈኑ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ካሴቱን አወጣሁና እስክሪብቶ ፍለጋ ተነሳሁ።

"እስክሪብቶውን ተዪው" አለ አባቴ፣ ፊቱን ሳያዞር። "በቁልፉ መልሺው።"

ካሴቱን መልሼ ከትቼ ቁልፉን ተጫንኩት። አዲሶቹ ድንጋዮች ካሴቱን እያሽከረከሩ እስከ መጀመሪያው ድረስ መለሱት፤ ዘፈኑን እንደገና ከፈትኩት፤ እሱም እስኪያልቅ ድረስ አላንኮራፋም።